ለታወር ቦታ ለሚያከራዩ፦ የሚሰጣችሁ የመድን ወረቀት ምን ያህል ያዋጣል?

ከአያት ወደ ለገጣፎ፣ ከጀሞ ወደ ሰበታ ወይም ከቃሊቲ ወደ ገላን ለሚወጣ ሰው የቴሌኮም ታወር የተለመደ እይታ ነው። ከኢትዮ ቴሌኮም በተጨማሪ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ስለጀመረ በከተማው ዳርቻ ጣራም ሆነ ቁራሽ ቦታ ያለው ሰው ሁለት ተከራይ ሊያንኳኳበት ይችላል። ውል ሲፈረም ለአከራዩ ከሚሰጡት ወረቀቶች መካከል ብዙውን ጊዜ አንድ የሶስተኛ ወገን ኃላፊነት መድን ሰርተፍኬት አለ። አንድ ገጽ ነው፤ ማህተምም አለው፤ ልብ ያሳርፋል። እዚህ የምንመዝነው ይህን ወረቀትና ከጎኑ ሊጠየቅ ሲገባው የሚረሳውን የማንሻ ዋስትና ነው። የማንሻ ዋስትና ማለት ተከራዩ ጥሎ ቢሄድ ታወሩን ነቅሎ ቦታውን ለመመለስ የሚያስፈልገው ገንዘብ አስቀድሞ የሚያዝበት መንገድ ነው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። መድኑ ለድንገተኛ አደጋ ደህና ነው፤ ግን እንደወረደ ከተቀበላችሁት አከራዩን ሳይሆን ተከራዩን ነው የሚጠብቀው። ውሉ ሲያበቃ ብረቱን ማን ያነሳዋል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ አምስት ሳንቲም አይከፍልም።

አከራዩ ለምን ይጨነቃል? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 መሠረት የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይገመት ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ነው። ቁጥር 2080 ደግሞ ከሕንፃ ላይ ወድቆ ጉዳት ላደረሰ ነገር በሕንፃው ውስጥ ያለውን ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ ከጣራችሁ ላይ የአንቴና ማሰሪያ ወድቆ የጎረቤትን ቆርቆሮ ቢበሳ ወይም ሰው ቢመታ፣ ጎረቤት መጀመሪያ የሚከሰው በስም የሚያውቀውን የቤቱን ባለቤት ነው። እናንተ ወደ ኩባንያው ስትሄዱ ኩባንያው ሥራውን ለተቋራጭ እንደሰጠ ይነግራችኋል። ቁጥር 2134 ራሱን ችሎ ለሚሠራ ሰው ጥፋት አሠሪው ኃላፊ አይደለም ስለሚል፣ ይህ መልስ ባዶ ሰበብ አይደለም። ተቋራጩ ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል።

ወደ ወረቀቱ እንግባ። ሰርተፍኬቱ ፖሊሲ፣ ማለትም የመድን ውሉ ራሱ፣ አይደለም፤ ፖሊሲ መኖሩን የሚናገር ማስረጃ ብቻ ነው። መጠየቅ ያለበት ሙሉው ፖሊሲ ከነሠንጠረዡና ከነተቀጽላዎቹ (በላዩ ከሚጨመሩት አንቀጾች) ጋር ነው። ሠንጠረዡ ላይ በቅድሚያ የሚታየው የመድን ገቢው፣ ማለትም መድኑን የገዛው ድርጅት፣ ስም ነው። ውሉን የፈረመው ድርጅትና ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ድርጅት አንድ ካልሆኑ፣ ለምሳሌ ውሉን የፈረመው ተቋራጭ ሆኖ ፖሊሲው የኦፕሬተሩ (የቴሌኮም ኩባንያው) ከሆነ፣ እዚያው ቁሙ። ቀጥሎ የእናንተ ቦታ የሳይት ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩ ይታያል። አዲስ ሳይት በዓመቱ መካከል ሲተከል ዝርዝሩ እስከሚቀጥለው እድሳት ሳይሻሻል ሊቆይ ይችላል። አረቦኑ (የመድኑ ክፍያ) መከፈሉን የሚያሳይ ደረሰኝም ይጠየቅ፤ ያልተከፈለበት ፖሊሲ ጉዳት በደረሰ ማግስት ክርክር ይጠራል።

ከዚያ የካሳ ጣሪያው፣ ማለትም መድን ሰጪው ቢበዛ የሚከፍለው መጠን፣ አለ። ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱ ለአንድ አደጋ፣ ሌላው ለዓመቱ በሙሉ። ብዙ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ነው፤ ጉዱ ያለው ግን ሁለተኛው ላይ ነው። የዓመቱ ጣሪያ በአገሪቱ ላሉት ሳይቶች ሁሉ በጋራ የተቀመጠ ከሆነ፣ ሌላ ክልል ውስጥ በጥቅምት የደረሰ ትልቅ አደጋ በግንቦት ለእናንተ ጎረቤት ሊከፈል የነበረውን ገንዘብ ጨርሶት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው «የዓመቱ ጣሪያ ለእያንዳንዱ ሳይት በተናጠል ይሠራል» የሚል ተቀጽላ ነው። መድን ሰጪዎች አረቦን ጨምረው ሊሰጡት ይችላሉ፤ ካልተጠየቁ ግን አያነሱትም።

ስለ ጣሪያው ሌላም ነገር አለ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የታወር ብረት፣ ባትሪና ክሬን ዋጋቸው ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው። ከዚያ በፊት በተፈረመ የአሥር ዓመት ውል ውስጥ «ከ2 ሚሊዮን ብር ያላነሰ ሽፋን» ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ቁጥሩ ዛሬም ያው ነው፤ የሚገዛው ግን ከግማሽ በታች ነው። ውሉ በየሁለት ዓመቱ ጣሪያው የሚከለስበትን አንቀጽ መያዝ አለበት።

አሁን ፖሊሲው የማይከፍላቸውን እንይ። ይህን ክፍል ለማንበብ ትዕግሥት ያለው ጥቂት ነው፤ የወረቀቱ ዋጋ የሚለካው ግን እዚህ ነው።

የመጀመሪያው በመድን ገቢው እጅ ወይም ጥበቃ ሥር ያለ ንብረት ነው። መደበኛ የኃላፊነት ፖሊሲ የሚከፍለው ለሌላ ሰው ንብረት ነው፤ መድን ገቢው ተከራይቶ የያዘውን ግን ከሽፋኑ ያወጣል። ተከራዩ የያዘው ምንድን ነው? የእናንተ ጣራ! ጀነሬተሩ ተቃጥሎ የጎረቤት አጥር ቢነድ ይከፈላል፤ የእናንተ ሶሌታ ቢሰነጠቅ ግን «በመድን ገቢው ይዞታ ሥር ያለ ንብረት ነው» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ተከራይ በተከራየው ሕንፃ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍል ተጨማሪ ሽፋን ነው። ይህ ተቀጽላ የሌለው ሰርተፍኬት ለጣራ አከራይ ግማሽ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ቀስ በቀስ የሚደርስ ጉዳት ነው። ፖሊሲው «ድንገተኛ» የሚለውን ቃል አጥብቆ ይይዛል። የጣራ ላይ ሳይት ትልቁ ችግር ደግሞ ቀስ በቀስ የሚመጣው ነው። የማስቱ (አንቴናውን የሚሸከመው ምሰሶ) እግር የሚታሰረው ሶሌታ በተበሳ ቡሎን ከሆነ፣ ውኃ መከላከያ ንጣፉ ተቀዷል ማለት ነው፤ ቀዳዳው በሚገባ ካልታሸገ በመጀመሪያው ክረምት ምንም አይታይም፣ በሁለተኛው የኮርኒሱ ቀለም ይነሳል፣ በሦስተኛው ፌሮው ዝጎ ኮንክሪቱን ይፈነቅላል። መድን ሰጪው የሚልከው ገማች የዝገቱን ዕድሜ አይቶ ጉዳቱ ድንገተኛ እንዳልሆነ ይጽፋል፤ ልክም ነው። የናፍጣ መንጠባጠብም እንዲሁ ነው። በዳርቻው ብዙ ግቢ የጉድጓድ ውኃ ስለሚጠቀም ከጀነሬተሩ ሥር የሚሰርገው ናፍጣ የሚሸተው ከወራት በኋላ በባልዲ ውስጥ ነው። ለእነዚህ መድን ከመፈለግ ይልቅ ውሉ ውስጥ ግዴታ ማስገባት ይሻላል፤ ከሰኔ በፊት የጣራ ፍተሻ፣ ከጀነሬተሩ ሥር ቢያንስ የታንከሩን ሙሉ ይዘት የሚችል የኮንክሪት ገበታ፣ ጥገናው በ15 ቀን ካልተሠራ አከራዩ አሠርቶ ወጪውን ከኪራይ ውጭ የሚያስከፍልበት መብት።

ሦስተኛው በውል የተገባ ኃላፊነት ነው። ተከራዩ በውሉ ውስጥ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ አከራዩን እንክሳለን» ብሎ ይፈርማል። ፖሊሲው ደግሞ ሕግ ከሚጥለው በላይ በውል የተገባን ኃላፊነት አልሸፍንም ይላል። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ቀን ተሰጥተው እርስ በርስ ሊጣሉ ይችላሉ። መድን ሰጪው የኪራይ ውሉን አይቶ በጽሑፍ እንዲቀበለው ማድረግ ያስፈልጋል።

አራተኛው የኤሌክትሮማግኔቲክ ጨረር ነው። ብዙ የኃላፊነት ፖሊሲዎች ያገሉታል። ጎረቤት በዚህ ቅሬታ ሲያነሳ ከመድን ይልቅ የሚጠቅመው ልኬት ነው። የዓለም አቀፉ ኮሚሽን፣ ኢክኒርፕ፣ ለሕዝብ ያስቀመጠው ወሰን በ900 ሜጋኸርዝ 4.5 ዋት በካሬ ሜትር፣ በ1800 ሜጋኸርዝ 9 ዋት በካሬ ሜትር ነው። ከተከላ በኋላ የተለካ ውጤት ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ አንቴና በተጨመረ ቁጥር ይደገም።

መጨመር ያለባቸው ደግሞ ሦስት ናቸው። አከራዩ ተጨማሪ መድን ገቢ ሆኖ ይጻፍ፤ ያኔ ጎረቤት እናንተን ሲከስ ፖሊሲው ለእናንተም ይቆማል። መድን ሰጪው ከከፈለ በኋላ በእናንተ ላይ ዞሮ የመጠየቅ፣ በሕግ አነጋገር የመዳረግ፣ መብቱን ይተው። ፖሊሲው ሲሰረዝ ወይም ሳይታደስ ሲቀር ለአከራዩ 30 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገር። ተከራዩ «ይህ እዚህ አገር አይሠራበትም» ሊል ይችላል። ባንክ በብድር የያዘውን መኪና ወይም ሕንፃ መድን ሲያስገባ የራሱን ጥቅም ፖሊሲው ላይ እንደሚያስጽፍ የሚያውቅ ሰው ግን በዚህ አይታለልም።

ተከላው ራሱ በዚህ ፖሊሲ ሥር አይደለም። በተከላ ወቅት የሚሠራው ተቋራጩ የሚገባው የተከላ መድን ነው፤ ሁለተኛው ክፍሉ ለሶስተኛ ወገን ይከፍላል፤ ርክክብ ሲደረግ ያበቃል። የሁለቱ ቀናት ሳይገናኙ መሐል ላይ ክፍተት እንዳይኖር አንዱ የሚያልቅበትንና ሌላው የሚጀምርበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ።

መድን ሰጪው ገማች ከመላኩ በፊት ራሳችሁ ልታዩት የሚገባ ነገር ደግሞ አለ፤ ምክንያቱም ጉድለቱ ቀድሞ የነበረ ከሆነ ክፍያው ሊከለከል ይችላል። በአቃቂ፣ በኮዬ ፈጬና በገላን በኩል ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ከዚህ ንጣፍ በታች ካልወረደ እግሮቹ እኩል አይነሱም፣ እኩልም አይቀመጡም፤ ታወሩ ያዘነብላል። በዘርፉ የሚሠራበት የአሜሪካ መለኪያ የሚፈቅደው መዛነፍ ከቁመቱ 0.25 በመቶ ነው፤ በ40 ሜትር ታወር 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህ በዓይን አይለይም፤ ቲዮዶላይት የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ ይጠይቃል። ያው መለኪያ በራሱ ለቆመ ታወር ቢበዛ በየ5 ዓመቱ፣ በሽቦ ለተወጠረ ማስት በየ3 ዓመቱ ሙሉ ፍተሻ ይላል። በመረሬ ላይ ለቆመው ከክረምት በኋላ፣ ጥቅምት አካባቢ፣ በየዓመቱ ማስለካት ይሻላል ባይ ነን።

የመሬት ሽቦው ሌላው ነው። መዳብ ስለሆነ ይሰረቃል። ሽቦው ሲቆረጥ ታወሩ መብረቅ መሳቡን አይተውም፤ መውረጃ ስለሚያጣ ግን በቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር በኩል መንገድ ይፈልጋል። የጎረቤት ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በአንድ ምሽት የሚቃጠሉት በዚህ ነው። ልኬቱ ከ10 ኦም በታች፣ ቢቻል 5 ኦም ይሁን፤ በበጋ በደረቅ አፈር ይለካ፤ በነሐሴ እርጥበት የተለካ ቁጥር ሁልጊዜ ያምራል። ጣራ ላይ ከሆነ ደግሞ ክብደቱን ጠይቁ። የመኖሪያ ወለል የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ አካባቢ ለሚሆን ጭነት ነው። እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ የሚመዝኑ 24 የባትሪ ሴሎች በአንድ ካቢኔ ሲደረደሩ ከ700 ኪሎ ያልፋሉ፤ ካቢኔው የሚይዘው ቦታ ግን አንድ ካሬ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ካቢኔው ቋሚ ምሰሶ ወይም ቢም አናት ላይ መቀመጡን የሚያሳይ የመሐንዲስ ፊርማ ያለበት ስሌት ከሌለ፣ ሶሌታው ቢሰነጠቅ ክርክሩ የማን ጥፋት ነው ወደሚለው ይዞራል።

አደጋ ከደረሰ አካሄዱ ይህ ነው፦ ቦታው ሳይነካ ፎቶ፣ በዚያው ዕለት የፖሊስ ማስረጃ፣ ለመድን ሰጪው የጽሑፍ ማስታወቂያ። የንግድ ሕጉ ለማስታወቂያው የሚሰጠው ጊዜ 5 ቀን ነው፤ እናንተ ተጨማሪ መድን ገቢ ከሆናችሁ ለተከራዩ ነግሬያለሁ ማለት አያድንም፤ ራሳችሁ ጻፉ። ለጎረቤት «እከፍልሃለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ፤ መድን ሰጪው ሳያውቅ ጥፋትን ማመን ሽፋኑን ያበላሻል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያው 2 ዓመት ነው፤ ሽማግሌ ሲመላለስ ጊዜው እንዳያልቅ።

እስካሁን ያየነው መድን ተስተካክሎ ቢገዛ ከአሥር ሰባት እንሰጠዋለን፤ እንደተለመደው አንድ ገጽ ብቻ ሆኖ ከመጣ ሦስት። የማንሻ ዋስትናው ግን ካለ አለ፣ ከሌለ የለም።

በአሜሪካ ይህን የሚጠይቀው ከተማው ራሱ ነው። በዚያ አገር የ1996ቱ የቴሌኮም ሕግ፣ ሳይቱ የፌዴራሉን የጨረር ወሰን እስካከበረ ድረስ፣ ከተሞች በጨረር ምክንያት አንቴና እንዳይከለክሉ ያግዳል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ በእጃቸው የቀረውን የኃላፊነት ደንብ አጥብቀዋል። ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት የመድን ማስረጃ፣ ከተማው ተጨማሪ መድን ገቢ ሆኖ የተጻፈበት ፖሊሲና የማንሻ ቦንድ የሚጠይቁ ከተሞች በርካታ ናቸው። ሥራ ያቆመ ሳይት በተወሰነ ጊዜ ካልተነሳ ከተማው ራሱ አንስቶ ከቦንዱ ይወስዳል። እዚህ አከራዩ እንዲህ ያለ መተማመኛ ከፈለገ በራሱ ውል ውስጥ ማስገባት ነው ያለበት።

መጠኑ እንዴት ይሰላል? «ጥቂት መቶ ሺህ» ብሎ መገመት አይበጅም። ለምሳሌ መሠረቱ 5 በ5 ሜትር ስፋት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገበታ ሆኖ፣ በላዩ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 2 ሜትር ቁመት ያላቸው አራት እግሮች አሉት እንበል። ገበታው 12.5፣ እግሮቹ 2.9፣ በድምሩ ከ15 ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ነው፤ ክብደቱ 37 ቶን አካባቢ። ሲፈርስ መጠኑ በግማሽ ያህል ስለሚጨምር በ16 ኩብ ሲኖትራክ ሁለት ምልልስ ነው። በዚህ ላይ የክሬን ኪራይ፣ ታወሩ ላይ የሚወጡ ሠራተኞች ከነመድናቸው፣ የመስበሪያ ማሽን፣ ጉድጓዱን የሚሞላ ሰሌክት አፈር፣ ጣራ ከሆነ አዲስ ውኃ መከላከያ ይደመራል። የእርሻ መሬት ከሆነ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት መቁረጥ ይበቃል፤ የቤት ቦታ ከሆነ ግን ሙሉው ይውጣ፤ ያለበለዚያ የሚቀጥለው ቤት መሠረት እሱ ላይ ያርፋል። ተከራዩ «ብረቱ ተሸጦ ማንሻውን ይችላል» ቢል ሂሳቡ ሊሞላ ይችላል፤ ነገር ግን ብረቱ የእሱ ንብረት ነው። ውሉ የመሸጥ መብት ካልሰጣችሁ ቁርጥራጭ ላይ እጃችሁን ስታሳርፉ ተከሳሽ እናንተ ናችሁ።

ለዋስትናው የሚቀርቡት ሰነዶች እኩል አይደሉም። ከእናት ኩባንያ ወይም ከአጋር ድርጅት የሚመጣ «ኃላፊነቱን እንወስዳለን» የሚል ደብዳቤ በጣም ደካማው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልጠቀሰ ውጤት እንደሌለው ይናገራል፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቁጥር የለበትም። የመድን ኩባንያ ቦንድ ከዚህ ይሻላል፤ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ግን ተከራዩ ግዴታውን አለመወጣቱን እስክታስረዱ፣ አንዳንዴም ፍርድ እስኪሰጥ፣ አይከፈልም። ያኔ ታወሩ ቆሞ እናንተ ፍርድ ቤት ትመላለሳላችሁ። ምርጫችን በሁኔታ ላይ ያልተመሠረተ የባንክ ዋስትና ነው። ባንኩ የሚጠይቀው የጽሑፍ ጥያቄ ብቻ ነው።

ችግሩ ዕድሜው ነው። ኪራዩ ለአሥር ዓመት ሆኖ ዋስትናው በየዓመቱ የሚታደስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገር አስገቡ፦ ዋስትናው ከማለቁ 30 ቀን በፊት ካልታደሰ ይህ ብቻውን ገንዘቡን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ይሆናል፤ የመጨረሻው ዋስትና ውሉ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር ይጸናል። ሁለተኛው ካልተጻፈ ዋስትናውና ውሉ በአንድ ቀን ያልቃሉ፤ የማንሳት ግዴታው ደግሞ የሚጀምረው በማግስቱ ነው። የባንክ ዋስትና ለአንድ ትንሽ ሳይት ይበዛል ከተባለ፣ የአንድ ዓመት ኪራይ በሲፒኦ ወይም በዝግ ሂሳብ አስይዞ ማቆየት ቀላሉ መንገድ ነው።

ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች አንድ ማሳሰቢያ። በየካ አባዶ፣ በጀሞ ወይም በቱሉ ዲምቱ ጣራው የላይኛው ፎቅ ባለቤት የግል ንብረት አይደለም፤ የጋራ መጠቀሚያ ነው። ውሉን የሚፈርመው፣ ተጨማሪ መድን ገቢና የዋስትናው ተጠቃሚ የሚሆነው የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው። በአንድ ነዋሪ ስም የወጣ ዋስትና ገንዘቡ ሲመጣ ሌላ ጠብ ይዞ ይመጣል።

ዋስትናው በእጅ ሲገባም የተጻፈበትን ባንክ በተከራዩ በኩል አትጠይቁ። ቅጂውን ይዛችሁ ራሳችሁ ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የማረጋገጫ ደብዳቤ አስገቡ፤ መልሱ በጽሑፍ፣ ቁጥሩን፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን ጠቅሶ እስኪመጣ ድረስ ለቁፋሮ በር አይከፈት። ዋናው ሰነድ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ ታወሩ ተነስቶ ርክክብ ሳይፈረም ለተከራዩ አይመለስም።